ለቱርክኛ ቅጽል በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ለምን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ቱርክ ለሚሄዱ አንባቢዎች በቅርቡ ያወጣችሁት የቱርክኛ ትምህርት ሐሳቡ መልካም ነው። ቅጽልን የሚመለከተው ክፍል ግን ከእንግሊዝኛ መማሪያ የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። አብዛኛውን ቦታ የወሰደው ቅደም ተከተል ነው፤ ቅጽሉ ከስሙ እንደሚቀድም፣ «ቤቱ ትልቅ ነው» ለማለት ሲፈለግ ደግሞ «ትልቅ» የሚለው ቃል ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ግሥ መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጥ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ቁጭ ብሎ መማር አለበት። «ትልቅ ቤት» እና «ቤቱ ትልቅ ነው» እያለ ላደገ ሰው ግን ምን አዲስ ነገር አለው? አማርኛ ተናጋሪው በእርግጥ የሚሰናከልበት ጉዳይ «ቅጽል አይለወጥም» በምትል አንዲት መስመር ታልፏል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያቺን መስመር ለመዘርዘር ነው።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፉ። ቱርክኛውን በፊደላችን እንደቀረበ አሰፍራለሁ። ሁለት ድምፆች በፊደላችን ቤት የላቸውም፤ ምላስን «ኢ» ለማለት አዘጋጅቶ ከንፈርን «ኡ» እንደሚሉ ማሾል፣ እንዲሁም ምላስን «ኤ» ላይ አድርጎ ከንፈርን ለ«ኦ» ማክበብ ነው። እነዚህን «ኡ» እና «ኦ» ብዬ እጽፋቸዋለሁ። ሦስተኛው፣ ፈረንጆቹን የሚያስቸግረው ነጥብ አልባው «ኢ»፣ ለእኛ ቀላል ነው፤ «ብር» ስንል በ«ብ» እና በ«ር» መካከል የሚሰማው የሳድስ ድምፅ በጣም ይቀርበዋል። ልዩነቱ ቱርክኛ ይህን ድምፅ ቃል መጨረሻ ላይም ያሰማል። ስለዚህ «ፓሃል» (ውድ) ብዬ ስጽፍ የመጨረሻዋ «ል» ተቆርጣ አትቀርም፤ ከኋላዋ ያ የሳድስ ድምፅ ይሰማል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አማርኛ ቅጽልን ያሸክማል። «ጥቁሯን ድመት አየኋት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንፈታው። «ጥቁር» ላይ የተጫኑት ሦስት ናቸው፦ የምትታወቀዋ ድመት መሆኗ፣ ሴት መሆኗ፣ የግሡ ተሳቢ መሆኗን የምታሳየው «ን»። ድመት የሚለው ስም ራሱ ባዶውን ቀርቷል። ግሡም በበኩሉ «ኋት» ብሎ ድመቷን አንድ ጊዜ ደግሟታል። በቱርክኛ ይህ ሁሉ «ሲያህ ኬዲዪ ጎርዱም» ነው። «ሲያህ» ጥቁር ነው፤ ምንም አልተጫነበትም። «ኬዲ» ድመት ነው፤ መጨረሻው ላይ የታከለው «ዪ» የእኛን «ን» ሥራ ይሠራል፤ ተሳቢውም የሚታወቅ መሆኑን አብሮ ይናገራል። «ጎርዱም» አየሁ ብቻ ነው። ጾታ የለም፤ ቱርክኛ ወንድና ሴትን በሰዋስው አይለይም፣ እሱም እሷም «ኦ» ናቸው። ትንሹ ልጅም ትንሿ ልጅም «ኩቹክ ቾጁክ» ናቸው። ሴት ልጅ መሆኗን መግለጽ ከተፈለገ «ኩቹክ ክዝ» ተብሎ ስሙ ይለወጣል እንጂ ቅጽሉ አይነካም።

ስለዚህ ከአማርኛ የመጣ ተማሪ የሚሠራው ስህተት አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። «ትልቁን ቤት አየሁ» ለማለት በልቡ ቅጽሉ ላይ «ን» ይፈልግና «ቡዩዩ ኤቭ ጎርዱም» ይላል። ትክክለኛው «ቡዩክ ኤቪ ጎርዱም» ነው። ስህተቱ ከአነጋገር ጉድለት ያለፈ ነው፤ «ቡዩዩ» ብቻውን «ትልቁን» ማለት ስለሆነ፣ ቱርካዊው ሰሚ «ትልቁን» ብሎ ጨርሶ ከዚያ በኋላ የመጣው «ቤት» ከየት እንደወደቀ ግራ ይገባዋል። መድረሻው፣ ማለትም ቃል መጨረሻ ላይ የሚታከለው ምልክት፣ ቅጽሉ ላይ ሲያርፍ ቅጽሉ ስም ይሆናል፤ ይህን ነጥብ ከታች እመለስበታለሁ።

ብዙ ቁጥርም እንዲሁ። እኛ «ትልልቅ ቤቶች» እንላለን፤ ቅጽሉም ይበዛል፣ ስሙም ይበዛል። ቱርክኛው «ቡዩክ ኤቭሌር» ነው፤ «ሌር» የሚባለው የብዙ ቁጥር ምልክት ስሙ ላይ ብቻ ይቀመጣል። (አናባቢው ሲለወጥ «ላር» ይሆናል።) ቱርኮች «ቡዩክ ቡዩክ» ብለው ቅጽሉን የሚደጋግሙበት ጊዜ አለ፤ ለእኛ ጆሮ «ትልልቅ» የሚለውን ይመስላል፤ ነገር ግን ስሜት ለማጠንከር የሚባል ነው እንጂ የሰዋስው ግዴታ አይደለም። ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ስሙ እንኳ ይነጠላል፦ «ኢኪ ቡዩክ ኤቭ»፣ ሁለት ትልቅ ቤት። ይህን ለማስለመድ ከመጽሐፍ አማርኛ ይልቅ የገበያ አማርኛ ይረዳል። «ሦስት ሰው መጣ»፣ «አምስት ብርቱካን ስጠኝ» እንደምንለው ማለት ነው። እዚያ ላይ «አምስት ብርቱካኖች» ካልተባለ ብሎ የሚከራከር ተማሪ ካለ ቱርክኛ ያስታርቀዋል።

ሥርዓቱ በአጭሩ ይህ ነው፤ በቱርክኛ ሸክሙን የሚቀበለው የሐረጉ የመጨረሻ ቃል ነው። በሐረግ ውስጥ ስሙ መጨረሻ ስለሆነ ስሙ ይሸከማል፦ «ቡዩክ ኤቭዴ» በትልቁ ቤት ውስጥ፣ «ቡዩክ ኤቭሌርዴ» በትልልቆቹ ቤቶች ውስጥ። ቅጽሉ ራሱ መጨረሻ ላይ ሲውል ደግሞ፣ ማለትም «ደካማ ነኝ»፣ «ደህና ነሽ» ሲባል፣ የ«ነኝ» እና የ«ነሽ» ምልክት ቅጽሉ ላይ ይጫናል። ከኋላው ሌላ ቃል ከመጣ ሸክሙ ወደዚያ ያልፋል።

«ዮርጉን» የደከመው ማለት ነው። ደክሞኛል «ዮርጉኑም»፣ ደክሞሃል ወይም ደክሞሻል «ዮርጉንሱን»፣ ደክሞታል ወይም ደክሟታል «ዮርጉን»፣ ደክሞናል «ዮርጉኑዝ»፣ ደክሟችኋል «ዮርጉንሱኑዝ»፣ ደክሟቸዋል «ዮርጉንላር»። ለእርስዎ የሚባለውም «ዮርጉንሱኑዝ» ነው፤ ለታላቅ ሰው፣ ለማያውቁት ሰው፣ ለባለ ሱቅም ቢሆን የብዙውን መያዝ ነው። የመጀመሪያው ሰው መድረሻ የቃሉን የመጨረሻ አናባቢ ተከትሎ አራት መልክ ይይዛል። «ዮርጉን» በ«ኡ» ስለሚያልቅ «ኡም»። «ኢዪ» (ደህና) በ«ኢ» ያልቃል፤ «ኢም» ይታከልበታል፣ ሁለት አናባቢ እንዳይጋጭ «ይ» በመሃል ትገባለች፦ «ኢዪዪም»። «ሃስታ» (የታመመ) በ«አ» ያልቃል፤ ሳድሱን ይወስዳል፦ «ሃስታይም»። አራተኛው ያ ከንፈር የሚሾልበት «ኡ» ነው፦ «ኡዝጉኑም»፣ አዝኛለሁ። በ«ክ» የሚያልቁ አንዳንድ ቃላት «ክ»ን ያለሰልሳሉ፤ «ኩቹክ» ትንሽ፣ «ኩቹዩም» ትንሽ ነኝ።

የሦስተኛው ሰው «ነው» የለም። «ኤቭ ቡዩክ» ብቻ «ቤቱ ትልቅ ነው» ማለት ነው፤ አለቀ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ባዶነቱ ይከብደዋል፤ «ነው»ን ያልሰማ ዓረፍተ ነገር ያላለቀ ይመስለዋል። መዝገበ ቃላት ሲፈልግ «ዲር» የሚባል መድረሻ ያገኝና በየቦታው ይለጥፋል። «ዲር» አለ፣ ግን ቦታ አለው። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ («ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው በ«ዲር» ያልቃል፣ ድምፁ ከፊቱ ባለው «ክ» እና በአናባቢው ምክንያት «ትር» ሆኖ)፣ ሕግ ላይ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ላይ ይውላል። በዕለት ንግግር ውስጥ ግን ግምት ያመለክታል። «አኔም ሃስታ» እናቴ ታማለች። «አኔም ሃስታድር» ሲሉ ግን ሰሚው «እናቴ ሳትታመም አትቀርም» ብሎ ይወስደዋል። ክፍል ውስጥ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በ«ዲር» የሚያስጨርሱ መልመጃዎች የሚጎዱት ለዚህ ነው፤ ተማሪው እርግጠኛ ሆኖ እየተናገረ የሚጠራጠር ይመስላል።

ባለቤቱ ብዙ ሲሆንስ? «ኤቭሌር ቡዩክ»፣ ቤቶቹ ትልልቅ ናቸው። «ቡዩክሌር» አይባልም። ሰዎች ሲሆኑም ባለቤቱ ከተጠራ «ቾጁክላር ዮርጉን» (ልጆቹ ደክሟቸዋል) በቂ ነው፤ «ላር» የምትፈለገው ባለቤቱ ሳይጠራ ሲቀር ነው።

ማፍረሻው «ዴዪል» ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ትልቅ ዕድል አለው። እኛ «አይደለም» እና «የለም» ብለን ለይተን እናውቃለን፤ ቱርክኛም «ዴዪል» እና «ዮክ» ብሎ ይለያል። «ፓሃል ዴዪል» ውድ አይደለም። «ሼኬር ዮክ» ስኳር የለም። የ«ዮክ» ተቃራኒ «ቫር» ነው፣ አለ። ሦስቱን ቃላት ከሦስቱ የአማርኛ ቃላት ጋር አጣምሮ መስጠት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በእንግሊዝኛ በኩል ከተዞረ ግን ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይመጣል፤ ያ ማብራሪያ ያስጨነቀው እነሱን እንጂ እኛን አይደለም።

ከኋላው ቃል ሲመጣ ሸክሙ ያልፋል ብያለሁ። «ዮርጉኑም» ደክሞኛል፤ «ዮርጉን ዴዪሊም» አልደከመኝም። «ኡም» ከ«ዮርጉን» ወርዳ «ዴዪል» ላይ «ኢም» ሆነች። ጥያቄም እንዲሁ፦ «ዮርጉንሱን» ደክሞሃል፤ «ዮርጉን ሙሱን?» ደክሞሃል ወይ? ጠያቂዋ «ሙ» ተለይታ ትጻፋለች፣ የሰውየውን ምልክት ግን እሷ ትይዛለች። ተማሪዎች «ዮርጉንሱን ሙ?» ይላሉ፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እኛ «ደክሞሃል» ብለን ከጨረስን በኋላ «ወይ» እንጨምራለን። ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ዮርጉንዱም» ደክሞኝ ነበር፣ «ሃስታይድም» ታምሜ ነበር፣ «ኤቭ ቡዩክቱ» ቤቱ ትልቅ ነበር። በ«ክ»፣ በ«ት»፣ በ«ች» እና መሰል ድምፅ ከሚያልቅ ቃል ኋላ «ድ» ወደ «ት» ትጠነክራለች። «ዴዪል»ም ያለፈ ጊዜውን ይወስዳል፦ «ቡዩክ ዴዪልዲ»፣ ትልቅ አልነበረም።

ሌላው መሰናክል ቃላችን ግሥ ሆኖ የነሱ ቅጽል የሚሆንበት ነው። «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «አመመኝ» ለእኛ ግሦች ናቸው፤ ድካሙና ረሃቡ መጥቶ ያደርገናል። ቱርኮች «ዮርጉኑም»፣ «አችም»፣ «ሃስታይም» ብለው በቅጽል ይናገሩታል። «ጠማኝ» እና «በረደኝ» ላይ ግን እነሱም ወደ ግሥ ይሄዳሉ፦ «ሱሳድም»፣ «ኡሹዱም»። ብርድ የሚሰማው ተማሪ «ሶኡክ» (ቀዝቃዛ) የሚለውን ቅጽል ይዞ «ቀዝቃዛ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሠራ «ሰው የማልቀርብ፣ ስሜት የሌለኝ ነኝ» እያለ ነው። አየሩ «ሶኡክ» ይሆናል፣ ውሃው «ሶኡክ» ይሆናል፣ የበረደው ሰው ግን አይሆንም።

«አንድ» የሚለውን ቃል የት እንደምናስቀምጥ ጽሑፋችሁ ጨርሶ አላነሳም፤ ዋና ጉዳይ ነበር። በአማርኛ «አንድ ቆንጆ ቤት» ነው። በቱርክኛ «ጉዜል ቢር ኤቭ»፤ «ቢር» ከቅጽሉና ከስሙ መሃል ትገባለች። «ቢር ጉዜል ኤቭ» ማለት ስህተት ነው ባይባልም «አንድ» የሚለው ቁጥር ይጎላል። በዚያ ላይ «ቢር ጉዜል» አንድ ላይ ሌላ ትርጉም አለው፦ «ደህና አድርጎ»። «ቢር ጉዜል ዬዲክ» ሲባል «ጥግብ እስክንል በላን» እንጂ «አንድ ቆንጆ በላን» አይደለም። የ«ቢር» ቦታ ዓረፍተ ነገርንም ከሐረግ ይለያል። «ቡ ቡዩክ ኤቭ» ይህ ትልቅ ቤት... ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ሰሚው ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል። «ቡ ቡዩክ ቢር ኤቭ» ይህ ትልቅ ቤት ነው። «ቡ ኤቭ ቡዩክ» ይህ ቤት ትልቅ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ጽፎ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አሥር መልመጃ ይተካል። «ነው» በሌለበት ቋንቋ የ«ነው»ን ሥራ ቅደም ተከተሉና «ቢር» ተካፍለው ይሠሩታል።

ከስም ቅጽል ማውጣት ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። «ሊ» ያለበት፣ «ሲዝ» የሌለበት ነው፤ ሁለቱም በአናባቢ ይለዋወጣሉ። «ሼኬር» ስኳር፣ «ሼኬርሊ» ስኳር ያለው፣ «ሼኬርሲዝ» ስኳር የሌለው። «ቱዝ» ጨው፣ «ቱዝሉ»፣ «ቱዝሱዝ»። የቱርክ ቡና ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ከመፍላቱ በፊት ይጠየቃሉ፤ መልሱም አንድ ቅጽል ነው፦ «ሳዴ» ያለ ስኳር፣ «አዝ ሼኬርሊ» ትንሽ ስኳር ያለው፣ «ኦርታ» መካከለኛ፣ «ሼኬርሊ» ጣፋጭ። ቀርቦ ከተቀመጠ በኋላ ስኳር ጨምሮ ማማሰል አተላውን ማንሳት ነው።

ለሚጾም ሰው ደግሞ «ሲዝ» ስንቅ ናት። ሥጋ «ኤት» ነው፤ «ኤትሲዝ» ሥጋ የሌለው። ግን እዚህ መጠንቀቅ ነው፤ «ኤትሲዝ» ማለት ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው። ቅቤ ሊገባበት ይችላል፣ እንቁላል ሊኖረው ይችላል፤ የምስር ሾርባ ላይ እንኳ በቅቤ የታሸ በርበሬ ሊፈስበት ይችላል። ስለዚህ «ሱትሱዝ» (ወተት የሌለው)፣ «ዩሙርታስዝ» (እንቁላል የሌለው)፣ «ቴሬያስዝ» (ቅቤ የሌለው) እየተባለ በየስሙ መጠየቅ አለበት። አንድ ቃል ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰው «ዜይቲንያል» የሚለውን ይያዝ፤ «የወይራ ዘይት ያለበት» ማለት ነው። ቱርኮች በወይራ ዘይት የሚሠሩትን፣ ቀዝቅዞ የሚቀርበውን የአትክልት ምግብ ዘር በሙሉ በዚህ ቅጽል ይጠሩታል። ዝርዝሩ ላይ «ዜይቲንያልላር» የሚል አርዕስት ይታያል። እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ ይጠይቃል፤ ቅጽል አይበዛም አልተባለም ወይ? መልሱ ከላይ ያቆየሁት ነው። ስሙ ሲቀር ቅጽሉ የሐረጉ መጨረሻ ይሆናል፤ መጨረሻ የሆነ ደግሞ ይሸከማል። «ገንች» ወጣት፣ «ገንችሌር» ወጣቶች፤ «ሃስታላር» ሕሙማን፤ «ቡዩክሌር» ታላላቆች። እኛም «ትልልቆቹ ይናገሩ» እንላለን።

«ሊ» ለሰው አገርም ትውላለች። «ኔሬሊሲኒዝ?» ከየት ነዎት? «ኤቲዮፕያልይም» ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ። የእኛን «ዊ» እና «ማ» በ«ሊ» ብቻ እተካለሁ ማለት ግን አያዛልቅም። «ዳ» ተራራ ነው፤ «ዳል» ተራራማ አይደለም፣ የተራራ አገር ሰው ነው። ተራራማ ለማለት «ዳልክ» ነው።

ከኢስታንቡል ልብስ ለሚያመጡ ነጋዴዎች፣ በተለይ ላሌሊ አካባቢ ከጅምላ ሱቆች ለሚገዙ፣ የእኛ «ባለ» ትልቅ ቁልፍ ናት። «ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ» በቱርክኛ «ኡዙን ኮልሉ ጎምሌክ» ነው፤ ረጅም፣ ባለ እጅጌ፣ ሸሚዝ። የእኛ «ባለ» ፊት ላይ ትቆማለች፣ የነሱ «ሉ» ኋላ ላይ፤ ሥራቸው አንድ ነው። «ክሳ ኮልሉ» አጭር እጅጌ። «ቺዝጊሊ» ባለ መስመር፣ «ካሬሊ» ዳማ ዳማ፣ «ዱዝ» ሜዳውን የሆነ። ቀለም ላይ «ኮዩ» ጠቆር ያለ፣ «አችክ» ፈካ ያለ፦ «ኮዩ ማቪ» ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ «አችክ ማቪ» ውሃ ሰማያዊ። «ማቪ» ብቻ ብሎ ብዙ ቁራጭ ያዘዘ ነጋዴ የትኛው ሰማያዊ እንደሚደርሰው ዕድሉ ነው።

ዋጋ ላይ ማወዳደር ይመጣል። የእኛ «ከ» የነሱ «ዳን» ወይም «ዴን» ናት፤ እኛ ከፊት እናስገባለን፣ እነሱ ከኋላ። «ቡ ኦንዳን ዳሃ ኡጁዝ» ይህ ከዚያ ይረክሳል። የሚወዳደርበት ነገር ካልተጠራ «ዳሃ» ብቻዋን ትበቃለች፦ «ዳሃ ኡጁዝ ቢር ሼይ ቫር ም?» ከዚህ የረከሰ ነገር አለ? ከሁሉ የሚበልጠው በ«ኤን» ነው፦ «ኤን ኡጁዝ»። «ኤን ዳሃ» ብሎ መደረብ የለም። ቅጽሉ ግን እንደ ሁልጊዜው አልተንቀሳቀሰም።

ቅጽሉ ራሱ የሚነካበት አንድ ቦታ አለ፤ በማጠንከር ጊዜ። እኛ «ደም የመሰለ ቀይ»፣ «ወተት የመሰለ ነጭ» እንላለን። ቱርኮች የቃሉን መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው አናባቢ ይወስዱና «ም»፣ «ፕ»፣ «ር» ወይም «ስ» ጨምረው ከፊት ይቀጥሉታል። «ክርምዝ» ቀይ፣ «ክፕክርምዝ» ደም የመሰለ ቀይ። «ቤያዝ» ነጭ፣ «ቤምቤያዝ»። «ማቪ»፣ «ማስማቪ»። «ቴሚዝ» ንጹሕ፣ «ቴርቴሚዝ» ጽድት ያለ። «ዬኒ» አዲስ፣ «ዬፕዬኒ» ገና ከፌስታሉ ያልወጣ። ከአራቱ የትኛዋ ፊደል እንደምትገባ አስቀድሞ የሚያስታውቅ የተሟላ ደንብ የለም፤ ቃል በቃል መያዝ ነው። የድምፁ ጫና መጀመሪያው ላይ ያርፋል። «ቾክ» (በጣም) ከፊቱ አይጨመርም፤ ማጠንከሪያው ራሱ «በጣም»ን ይዟል።

ቀለም ከተነሣ አይቀር፣ ቱርክኛ ለዋና ዋናዎቹ ቀለማት ድርብ ስም አለው። ነጭ «ቤያዝ» ከዐረብኛ፣ «አክ» ከቱርክኛው ሥር። ጥቁር «ሲያህ» ከፋርስኛ፣ «ካራ» ከቱርክኛው። ለዕቃ የመጀመሪያዎቹን ይጠቀማሉ፤ ቱርክኛዎቹ በቦታ ስምና በፈሊጥ ውስጥ ተሰንቅረው ኖረዋል፦ «ካራዴኒዝ» ጥቁር ባሕር፣ «አክዴኒዝ» ነጭ ባሕር፣ ማለትም እኛ ሜዲትራኒያን የምንለው። የእኛው ቀይ ባሕር «ክዝልዴኒዝ» ነው፤ «ክርምዝ ዴኒዝ» ያለ ተማሪ ቀይ ቀለም የተቀባ ባሕር ሣለ እንጂ ቀይ ባሕርን አልጠራም። በኦቶማን ዘመን የጽሕፈት ቋንቋ ደግሞ በፋርስኛ ሥርዓት ቅጽሉ ከስሙ ኋላ ይመጣ ነበር፤ መንግሥታቸውን «ዴቭሌቲ አሊዬ» ይሉት ነበር፣ ትርጉሙ «መንግሥት፣ የላቀው»። እኛ ከግእዝ ወርሰን «መንፈስ ቅዱስ» እንደምንለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በላቲን ፊደል ከተተካው የዐረብ ፊደልና እ.ኤ.አ. በ1932 የቋንቋ ተቋማቸው ከተመሠረተ በኋላ ከተካሄደው ቋንቋን የማጥራት ሥራ ጋር ይህ አሠራር ከዕለት ጽሑፍ ወጥቷል። ጀማሪ አያስፈልገውም፤ የድሮ ጽሑፍ ሲያነብ እንዳይደነግጥ ብቻ ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀርተዋል። ቅጽሉ እንዳለ ለግሥም ያገለግላል፦ «ጉዜል ኮኑሹዮርሱን»፣ ቆንጆ አድርገህ ትናገራለህ፤ «አድርገህ» የሚተካ ቃል መፈለግ አያሻም። ሌላው የእኛ «የ» ናት። «የዛሬው ጋዜጣ» «ቡጉንኩ ጋዜቴ» ነው፤ «ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ» «ማሳዳኪ ኪታፕ»። ይህች «ኪ» እንደሌሎቹ መድረሻዎች በአናባቢ አትለዋወጥም፤ እንደ «የዛሬ» እና «የትናንት» ባሉ ጥቂት ቃላት ላይ ብቻ «ኩ» ትሆናለች።

ትምህርቱ የሚቀጥል ከሆነ፣ አዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮቹን በአማርኛ ቢጀምር፣ በእያንዳንዱ የአማርኛ ቅጽል ላይ ያለውን መድረሻ በቀይ ቢያሰምር፣ ከዚያ ያው ቀይ ምልክት በቱርክኛው ዓረፍተ ነገር የት እንደደረሰ ቢያሳይ ይበቃል። የመንግሥታቸውን የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኙ ልጆች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋውን እዚያው ይማራሉ፤ ያን ዓመት «ን»ን ከቅጽል ላይ በማውረድ እንዳይጀምሩት እዚሁ ማውረድ ይቻላል።

በመጨረሻም እርማት። በዚያው ገጽ «ቆንጆ ልጃገረዶች» ለማለት «ጉዜልሌር ክዝላር» ተብሎ ታትሟል። «ጉዜል ክዝላር» ተብሎ ይስተካከልልን። «ጉዜልሌር» ብቻውን ቢሆን ግን ትክክል ነው፤ «ቆንጆዎቹ» ማለት ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቱርክኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ